አሻራ፣ ካርድ፣ ቴሌግራም ወይስ ደብተር? የሠራተኛ ሰዓት መቆጣጠሪያ ከመግዛታችሁ በፊት

ዳቦ ቤት ያለው አንድ ወዳጅ አለኝ። 14 ሠራተኞች አሉት። የአሻራ ማሽን ገዝቶ በሩ አጠገብ ሰቀለና "ከእንግዲህ ማንም አይሸውደኝም" አለ። በመጀመሪያው ቀን ሊጥ የምታቦካው ሴትዮ አውራ ጣቷን አስነካች። እምቢ። ሌባ ጣቷን ሞከረች። እምቢ። ዓመት ሙሉ ውሃና ዱቄት ሲፈራረቅበት የኖረ ጣት መስመሩ አልቋል። ከዚያ በኋላ የእሷ ስም ብቻ በደብተር ይያዝ ጀመር።

ይሄ እንኳን ቀላል ነበር። ጥቂት ወራት ቆይቶ አንድ አርፋጅ ሠራተኛ አሰናበተ። ሰውዬው ከሰሰ። ወዳጄ የማሽኑን ሪፖርት አትሞ ፍርድ ቤት ቀረበ። ሰዓቱ በፈረንጅ፣ ቀኑም በፈረንጅ። መሀል ላይ ያሉት ዘጠኝ ቀናት ደግሞ ሁሉም ጃንዋሪ 1 ቀን 2000 እ.ኤ.አ. ይላሉ። መብራት ሄዶ ሲመጣ የማሽኑ ሰዓት ወደ ዜሮ ተመልሶ ነበር፤ ልብ ያለው ሰው አልነበረም። ከሁሉ የባሰው ግን ለሠራተኛው የተሰጠ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ አንድም አለመኖሩ ነው። ማሽን አለ፣ ደብዳቤ የለም። ተሸነፈ።

እኔ የጥቃቅንና አነስተኛ ድርጅቶችን የደመወዝ መዝገብ እሠራለሁ። "ለአቴንዳንስ የቱን ልግዛ?" የሚለው ጥያቄ በየሳምንቱ ይመጣልኛል። ድሮ መልሱ የዋጋ ጉዳይ ነበር። አሁን ግን ሁለት አዋጆች ጎን ለጎን መታየት አለባቸው።

## ሕጉ ምን ይላል?

የመጀመሪያው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። የድሮውን 377/1996 የተካው ማለት ነው። መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 አይበልጥም። ትርፍ ሰዓት በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 አያልፍም። ክፍያው ቀን በ1.5፣ ሌሊት በ1.75፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን በ2፣ በሕዝብ በዓል ቀን በ2.5 ይባዛል። ስለዚህ የሰዓት መዝገብ አርፋጅ መያዣ ብቻ አይደለም። ሠራተኛውም የትርፍ ሰዓቱን ገንዘብ የሚጠይቀው በዚሁ መዝገብ ነው። ብዙ ባለቤቶች ይህን ጎኑን ይረሱታል።

ስለ ማርፈድ ደግሞ አዋጁ ግልጽ ነው። በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እየተሰጠው በስድስት ወር ውስጥ 8 ጊዜ ያረፈደ፣ ወይም በተመሳሳይ ሁኔታ በስድስት ወር ውስጥ በድምሩ 5 ቀን የቀረ ሠራተኛ ያለ ቅድመ ማስታወቂያ ሊሰናበት ይችላል። አሠሪው ምክንያቱን ካወቀበት ቀን ጀምሮ በ30 የሥራ ቀናት ውስጥ ካልተጠቀመበት ግን መብቱ ይቀራል። ስንብቱ ሕገወጥ ነው ከተባለና ሠራተኛው ወደ ሥራ ካልተመለሰ፣ ላልተወሰነ ጊዜ የተቀጠረ ሰው ካሣ የቀን ደመወዙ በ180 ተባዝቶ ነው። ለ14 ሠራተኛ ዳቦ ቤት ይህ ቀልድ አይደለም።

አዋጁን ከላይ እስከ ታች ብታነቡ "አሻራ" የሚል ግዴታ አታገኙም። የሚጠይቀው "በጽሑፍ" ነው። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል።

ሁለተኛው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ነው። ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ስለ ሰው መረጃ የሚይዝ ድርጅት ለምን እንደሚይዘው እንዲያሳውቅ፣ ለዓላማው ከሚያስፈልገው በላይ እንዳይሰበስብ፣ እንዲጠብቀውና ሲያበቃ እንዲያጠፋው ይጠይቃል። አሻራና የፊት ገጽታ ከጤናና ከሃይማኖት መረጃ ጋር ልዩ ጥበቃ ከተሰጣቸው ውስጥ ናቸው። ዳታው ከወጣ ወይም ከተሰረቀ በ72 ሰዓት ውስጥ ለባለሥልጣኑ ማሳወቅ አለ። ሠራተኛውም "ስለ እኔ ምን ይዛችኋል? አሳዩኝ፣ አርሙልኝ" የማለት መብት አለው።

"እኔ የፈቃድ ወረቀት አስፈርሜያለሁ" የሚለኝ ሰው አይጠፋም። ጥሩ ነው፤ ግን ፈቃድ በነፃነት የተሰጠ መሆን አለበት። ሥራ ለመቀጠር ወረፋ የቆመ ሰው "አሻራዬን አልሰጥም" ሊል ይችላል? በእንግሊዝ አገር የዳታ ጥበቃ ተቆጣጣሪው በፌብሩዋሪ 2024 ሰርኮ ሌዠር የተባለ ድርጅት በ38 የስፖርትና የመዝናኛ ማዕከላት ከ2,000 በላይ ሠራተኞችን በፊትና በአሻራ መቆጣጠሩን እንዲያቆም አዟል። ምክንያቱ ቀላል ነበር፤ ካርድ እያለ አሻራ ለምን? ደግሞስ ለሠራተኛው ሌላ አማራጭ መቼ ሰጣችሁት? ያ የእነሱ ሕግ ነው። ግን የእኛም አዋጅ "ከሚያስፈልገው በላይ አትሰብስብ" ስለሚል፣ ያው ጥያቄ ነገ እዚህም ሊነሳ ይችላል።

"ለፋይዳ አሥር ጣታችንን ሰጥተን የለ እንዴ?" የሚልም አለ። ሰጥተናል። ያ ግን የራሱ አዋጅ አለው፣ የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015። ዳቦ ቤት የራሱ አዋጅ የለውም።

## በምን እንመዝናቸው?

ሻጩ ጋ ከመሄዳችሁ በፊት መለኪያችሁን ያዙ። እኔ የምጠቀምባቸው አምስት ናቸው። ስለ ሠራተኛው ምን ያህል ዳታ ይሰበስባል? ክርክር ቢመጣ ዳኛ ፊት ይቆማል? መብራትና ኔትወርክ ሲጠፋ ምን ይሆናል? ለጓደኛ መፈረምን ያስቀራል? በመጨረሻም ሠራተኛው ሲለቅ ዳታው በቀላሉ ይጠፋል?

ዋጋን ያልጠቀስኩት ረስቼው አይደለም። የማሽኑ ዋጋ አንድ ጊዜ ነው፤ ዋናው ወጪ በኋላ የሚመጣው ነው።

## ደብተር

ሰው ይንቀዋል። እኔ ግን ከ15 ሠራተኛ በታች ላለው ቤት መጀመሪያ የምመክረው ደብተርን ነው። ምክንያቱም ሠራተኛው ራሱ ሰዓቱን ጽፎ በእጁ ፈርሟል። "ማሽኑ ተሳስቶ ነው" የሚል ክርክር የለም። መብራት አይፈልግም። የሚሰበስበው ስም፣ ሰዓትና ፊርማ ነው።

ችግሩ የታወቀ ነው። ለጓደኛ መፈረም አለ። 2፡40 የገባውም 2፡00 ብሎ ይጽፋል። መፍትሔውም በየመሥሪያ ቤቱ የታወቀ ነው። ደብተሩ አንድ ሰው እጅ ይቀመጥ፤ 2፡10 ሲሆን ከመጨረሻው ስም በታች በቀይ እስክሪፕቶ ይሰመር። ከቀዩ በታች የፈረመ አርፍዷል።

አንድ ነገር ግን ልጨምር። ብዙ ደብተሮች ላይ "ምክንያት" የሚል ዓምድ አለ። እዚያ ውስጥ የማይጻፍ የለም። "የስኳር ክትትል"፣ "እርጉዝ ናት፣ ሆስፒታል"፣ አንድ ጊዜ ደግሞ የሰው የፍቺ ጉዳይ አንብቤአለሁ። ያ ደብተር በር ላይ ተዘርግቶ ሁሉም ያየዋል። የጤና መረጃ ልዩ ጥበቃ ያለው ዳታ ነው። ዓምዱን አጥፉት። "በፈቃድ" የሚል ይበቃል፤ የሐኪም ወረቀቱ በፋይል ይግባ።

## ካርድ

ሠራተኛው ካርድ ይይዛል፣ ማሽኑ ላይ ያስጠጋል፣ ሰዓቱ ይመዘገባል። በማሽኑ ውስጥ ያለው የካርድ ቁጥርና ስም ብቻ ነው። ሠራተኛው ሲለቅ ካርዱን ትቀበላላችሁ፣ ቁጥሩን ትዘጋላችሁ፣ አለቀ። ከዳታ አንጻር ከማሽኖቹ ሁሉ ንጹሑ ይሄ ነው።

ካርድ ለጓደኛ ይሰጣል፣ እውነት ነው። በር ላይ ጥበቃ ካለ ግን ይሄ በአብዛኛው ይቀንሳል። ካርድ ይጠፋልም፤ ሁለት ሦስት ትርፍ ግዙ።

## የአሻራ ማሽን

ሁሉም የሚጠይቀኝ ስለዚህ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

ጥቅሙ አንድ ነው፤ ጣት አይዋስም። 200 ሰው በሦስት ፈረቃ የሚገባበት ፋብሪካ ይህ ትልቅ ነገር ነው። በዳቦ ቤት፣ በጋራዥ፣ በግንባታና በቆዳ ሥራ ግን የሠራተኛው ጣት ያልቃል፣ ይቆረጣል፣ ቅባት ይይዛል። ማሽኑ እምቢ ባለ ቁጥር በር ላይ ሰልፍ ይሆናል፤ ሰዓቱን የደረሰው ሰው በማሽኑ ምክንያት አርፋጅ ሆኖ ይመዘገባል። እንዲህ ዓይነት መዝገብ ክርክር ላይ ምን ያህል እንደሚረዳችሁ አስቡት።

ሁለተኛው ነገር ሰዓቱ ነው። አብዛኞቹ ማሽኖች የሚያውቁት የፈረንጁን ሰዓትና ቀን ብቻ ነው። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤያችሁ "ጥቅምት 12 ቀን 2018 ዓ.ም. ጠዋት 2፡00 መግባት ሲገባዎ 2፡25 ገብተዋል" ይላል። ሪፖርቱ ደግሞ 2025-10-22 እና 08:25 ይላል። አንድ ነው፤ ግን አንድ መሆኑን የሚያስረዳ ሰው ያስፈልጋል። ስድስቱ ወር ሲቆጠር ደግሞ አንዱ በአበሻ ሌላው በፈረንጅ ከተቆጠረ ስምንቱ ሰባት ይሆናል። ሪፖርቱን በየወሩ አትማችሁ የአበሻውን ቀን ጎኑ ላይ ጽፋችሁ ሠራተኛው ይፈርምበት። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 አንድ መዝገብ ኤሌክትሮኒክ ስለሆነ ብቻ ዋጋ እንዳይነፈገው ያደርጋል። ዘጠኝ ቀን ሙሉ ጃንዋሪ 1 የሚል መዝገብን ግን ምንም አዋጅ አያድነውም።

ሦስተኛው ነገር ከሁሉም በላይ ያሳስበኛል። ደህና ማሽን የጣቱን ፎቶ ሳይሆን ከመስመሩ የተወሰደ የቁጥር ቅጂ ነው የሚይዘው። የትኛውን እንደሚይዝ ሻጩን ጠይቁ። ካላወቀ ሌላ ሻጭ ፈልጉ። ከዚያ የማሽኑ ዋና የይለፍ ቃል አሁንም ፋብሪካው የሰጠው ነው? በየቦታው ካየኋቸው ማሽኖች የአብዛኞቹ አልተቀየረም። ሪፖርቱ በፍላሽ ይወጣል፤ ፍላሹ የሂሳብ ሠራተኛዋ ቁልፍ ላይ ተንጠልጥሎ ታክሲ ይሳፈራል። ማሽኑ ሲያረጅም ይሸጣል፤ ጣቶቹ ውስጡ እንዳሉ። የይለፍ ቃል ቢሰረቅ ይቀየራል። አውራ ጣት አይቀየርም።

ፊት የሚያነበውም እንዲሁ ነው። ያለቀ ጣት ችግሩን ይፈታል፤ ሌላው ጣጣ ሁሉ እንዳለ ነው።

የግድ አሻራ ካላችሁ እምቢ ላለ ወይም ጣቱ ለማይነበብ ሠራተኛ ካርድ አዘጋጁ። ለምን እንደሚወሰድ፣ የት እንደሚቀመጥና መቼ እንደሚጠፋ በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ስጡት። በለቀቀ ዕለት ጣቱ ይጥፋ። የሰዓት መዝገቡ ሊቆይ ይችላል፤ የደመወዝ ሰነድን ለዓመታት መያዝ ግብር ሰብሳቢውም ይፈልጋል። ጣቱን ግን ማንም አይጠይቃችሁም።

## ቴሌግራምና የስልክ አፕ

ይሄኛው ማንም ሳይመርጠው የመጣ ነው። ባለቤቱ ግሩፕ ይከፍታል፤ ሠራተኞች ጠዋት "ደርሻለሁ" ብለው ፎቶ ወይም ሎኬሽን ይልካሉ። ነፃ ነው፣ ሰዓቱ ራሱ ይመዘገባል፣ ማሽን አይገዛም። የተለያየ ቦታ ቅርንጫፍ ላለው ሰው ደግሞ በእውነት ይመቻል።

ግን አንድ ቀን ግሩፑን ከላይ እስከ ታች አንብቡት። የአንዷ የመኝታ ክፍል ከበስተጀርባዋ ይታያል። "ታምሜ ነው" ብላ የላከችው የሐኪም ወረቀት 30 ሰው አይቶታል። ከለቀቁ ዓመት የሆናቸው ሦስት ልጆች አሁንም ግሩፑ ውስጥ ናቸው። ሎኬሽኑን ቀኑን ሙሉ ክፍት ያደረገ ሰው ከሥራ በኋላ የት እንደዋለ ይታያል። ይህ የሰዓት ቁጥጥር አይደለም። ዳታው የሚቀመጠውም ውጭ አገር ነው፤ አዋጁ ደግሞ ወደ ውጭ ለሚተላለፍ ዳታ የራሱ ቅድመ ሁኔታ አለው። መልእክቱም ሊጠፋ ወይም ሊታረም ይችላል፤ ለማስረጃነት ደካማ ነው።

ሌላው ቅሬታ ከሠራተኞች የሚመጣ ነው፤ "በራሴ ስልክ፣ በራሴ ፓኬጅ።" እውነታቸውን ነው። ስልክ የግድ ከሆነ ፓኬጁን ሙሉላቸው።

ለሽያጭ ሠራተኛና ለጭነት ሾፌር ግን ስልክ ከሁሉ ይሻላል። ሲገባና ሲወጣ ብቻ ቦታውን የሚመዘግብ አፕ ይመረጥ። ቀኑን ሙሉ የሚከተለውን ተዉት። በቴሌግራም የምትቀጥሉ ከሆነ ደግሞ እያንዳንዱ ሠራተኛ ለኃላፊው ለብቻው ይላክ፤ ግሩፑ ይቅር።

## ካሜራ

ካሜራ ለሌባ ነው። ለሰዓት አትጠቀሙበት። የቆየ ቅጂ ራሱን እየሰረዘ ስለሚሄድ ስድስት ወር ሊያስረዳላችሁ አይችልም።

## በአጭሩ ሲታይ

| አማራጭ | የሚሰበስበው ዳታ | ለማስረጃ | መብራት/ኔት ሲጠፋ | ለጓደኛ መፈረም | ሠራተኛ ሲለቅ | ወጪ |
|---|---|---|---|---|---|---|
| ደብተር | በጣም ትንሽ | ጥሩ፣ በእጅ ስለተፈረመ | ይሠራል | ይቻላል | ፋይል ማድረግ ብቻ | ትንሽ |
| ካርድ | ትንሽ | ጥሩ፣ ወርሃዊ ፊርማ ካለው | ባትሪ ካለው ይሠራል | ይቻላል፣ ጥበቃ ካለ ይቀንሳል | ካርዱን መዝጋት | መካከለኛ |
| አሻራ/ፊት | ከፍተኛ | ጥሩ፣ ሰዓቱ ልክ ከሆነ | ባትሪ ካለው ይሠራል | አይቻልም | የግድ መሰረዝ | መካከለኛ፣ ኃላፊነቱ ከባድ |
| የስልክ አፕ | መካከለኛ እስከ ከፍተኛ | መካከለኛ | ኔት ይፈልጋል | ያስቸግራል | ሻጩን መጠየቅ | ወርሃዊ ክፍያና ፓኬጅ |
| ቴሌግራም ግሩፕ | ሳይታሰብ ብዙ | ደካማ | ኔት ይፈልጋል | ያስቸግራል | አስቸጋሪ | ነፃ ይመስላል |

## ለማን የቱ?

እስከ 15 ሠራተኛ፣ አንድ ቤት፣ ባለቤቱ ራሱ የሚውልበት ከሆነ ደብተርና ቀይ እስክሪፕቶ። የተረፈውን ገንዘብ ለሌላ አድርጉት።

ከ15 እስከ 60 ገደማ፣ በር ላይ ጥበቃ ካለ ካርድ። የመደብርና የትምህርት ቤት ደንበኞቼ ወደዚህ ከገቡ በኋላ ጭቅጭቁ ቀንሷል። ገንዘቡ አሁን ከሌለ ደብተሩን ለሁለት ከፍሎ ለሁለት ኃላፊ መስጠትም ይቻላል።

ብዙ ፈረቃ ያለው ፋብሪካ፣ ለጓደኛ መፈረም በእርግጥ የታየበት ከሆነ አሻራ ሊያስኬድ ይችላል። "በእርግጥ የታየበት" ያልኩት ሆን ብዬ ነው። ካርድ ሞክራችሁ ለምን እንዳልሠራ በጽሑፍ ያዙ፤ ነገ "ካርድ እያለ ለምን?" ለሚላችሁ መልሱ እሱ ነው። ዳታውን የሚጠብቅ ሰው ከሌላችሁ ግን አትግቡበት።

ሠራተኛው ውጭ የሚውል ከሆነ መግቢያና መውጫ ብቻ የሚመዘግብ የስልክ አፕ። በጀት ከሌለ ለኃላፊው በግል የሚላክ አጭር መልእክት፣ በሳምንቱ መጨረሻ ወደ ደብተር ተገልብጦ የሚፈረም።

የትኛውንም ብትመርጡ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤውን ቅጽ ዛሬ አዘጋጁ። ቀን፣ መግቢያ ሰዓት፣ የገባበት ሰዓት፣ ስንተኛ ጊዜ እንደሆነ፣ የሠራተኛው ፊርማ። "አልፈርምም" ካለ ሁለት ምስክር ይፈርም። ደብዳቤው ባረፈደበት ሳምንት ይድረሰው፤ ስምንቱን አጠራቅሞ በአንድ ቀን መስጠት ማስጠንቀቂያ አይባልም።

ወዳጄ አሁን ወደ ደብተር ተመልሷል። እስክሪፕቶውን በሲባጎ ጠረጴዛው ላይ አስሮታል። ማሽኑን ባለፈው ሳምንት መሳቢያ ውስጥ አየሁት። "ልሸጠው ነው፣ ደንበኛ ፈልግልኝ" አለኝ። ጣቶቹን አጥፍተሃል ወይ ብዬ ጠየቅኩት። የይለፍ ቃሉን የሚያውቀው የገጠመለት ልጅ ብቻ ነው፤ ልጁ ደግሞ ስልኩን ቀይሯል።